ኤርምያስ የከሰሰው ከቤተ መቅደስ ደጅ የማይጠፋውን ሰው ነው፦ የምላሽ ጽሑፍ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ የነቢዩ ኤርምያስን ማስጠንቀቂያ በሰባት ነጥብ ጨምቆ አቅርቧል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ የይሁዳ ሕዝብ እግዚአብሔርን ጨርሶ ትቶ ለሐውልት ሰገደ፤ ኤርምያስ የማይመለስ ፍርድ አወጀ፤ ፍርዱም ልክ 70 ዓመት ቆጥሮ ተፈጸመ። በዚህ ላይ ምዕራፍ 10 የገና ዛፍን እንደሚከለክል፣ ምዕራፍ 44 የዛሬን የሃይማኖት ክርክር እንደሚዳኝ፣ ምዕራፍ 13 ደግሞ በኢትዮጵያውያን ላይ የተነገረ እርግማን እንደሆነ ይናገራል። ማስረጃ ይሆን ዘንድም የኤርምያስ ጸሐፊ የነበረው የባሮክ ነው የተባለ የ«ባሮክ ማኅተም» ፎቶ ተለጥፎበታል።

ኤርምያስ በጣዖት ጉዳይ ቀልድ እንደማያውቅ ጸሐፊው በትክክል አስቀምጠዋል። በሄኖም ልጅ ሸለቆ በቶፌት ስለሚደረገው ልጅን በእሳት የማቃጠል ሥርዓት የጻፉትም ከ7፥31 ጋር ይስማማል። ችግሩ የቀረው ላይ ነው። ነጥቦቹን እናነሣለን፤ ሁሉም እኩል ቦታ አይገባቸውም።

«ሕዝቡ እግዚአብሔርን ፈጽሞ ትቶ ወደ ጣዖት ዞረ»

ጽሑፉ መሠረቱን የሳተው እዚህ ላይ ነው። ምዕራፍ 7ን ይክፈቱ። ነቢዩ የቆመው በእግዚአብሔር ቤት በር ላይ ነው፤ የሚናገረውም ለእግዚአብሔር ሊሰግዱ በዚያ በር ለሚገቡ ሰዎች ነው። ሰዎቹ «የእግዚአብሔር መቅደስ» የሚለውን ሦስት ጊዜ ደጋግመው እንደ መፈክር ይዘውታል (7፥4)። ክሱ በቁጥር 9 እና 10 ተዘርዝሯል፦ ይሰርቃሉ፣ ይገድላሉ፣ ያመነዝራሉ፣ በሐሰት ይምላሉ፣ ለበኣል ያጥናሉ፤ ይህን ሁሉ ሠርተው ሲያበቁ ስሙ በተጠራበት ቤት መጥተው ይቆሙና ድነናል ይላሉ። ለበኣል ማጠን ከስርቆትና ከሐሰት መሐላ ጎን እንደተሰለፈ ልብ ይበሉ። «የሌቦች ዋሻ» የሚለው ቃልም (7፥11) በዚሁ መንገድ ሲነበብ ይገባል። ሌባ ዋሻ ውስጥ አይሰርቅም፤ ሰርቆ የሚሸሸገው እዚያ ነው። ቤተ መቅደሱ የመደበቂያ ጥግ ሆኗል ማለቱ ነው።

ከመሬት የወጣውም ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1935 በተመሸገችው የይሁዳ ከተማ በለኪሶ በር አጠገብ ካለች ክፍል 18 ደብዳቤዎች በሸክላ ስብርባሪ ላይ በቀለም ተጽፈው ተገኙ። ከተማዋ በባቢሎናውያን ከመውደቋ ጥቂት ቀደም ብሎ የተጻፉ የጦር ሠራዊት መልእክቶች ናቸው። ከነዚህ በአንዱ ላኪው የለኪሶን የእሳት ምልክት እየጠበቁ መሆኑንና የዓዜቃ ግን እንደማይታያቸው ይገልጻል፤ ኤርምያስ 34፥7 ከተመሸጉት የይሁዳ ከተሞች የቀሩት ለኪሶና ዓዜቃ ብቻ እንደነበሩ ከሚናገረው ጋር ያነጻጽሩት። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሰላምታቸው ነው፤ ለጌታቸው ሰላምን የሚመኙት በእግዚአብሔር ስም ነው። ያም ሆኖ ከዚሁ ዘመን የይሁዳ ቤቶች ፍርስራሽ ውስጥ ትናንሽ የሸክላ የሴት ምስሎች ተለቅመዋል፤ ቁጥራቸው ከ800 ይበልጣል። ቁመታቸው ከስንዝር ያነሰ ነው፤ ከወገብ በታች እግር የላቸውም፣ ቀጥ ያለ ዓምድ ነው፤ ሁለት እጆች ጡትን ደግፈው ይይዛሉ፤ ፊታቸው አንዳንዱ በቅርጽ ማውጫ የተጫነ፣ አንዳንዱ በሁለት ጣት ተቆንጥጦ ብቻ የተሠራ ነው። ማንን እንደሚወክሉ እስካሁን ክርክር አለ። አከራካሪ ያልሆነው ሥፍራቸው ነው፤ ብዙዎቹ የተገኙት ሰው ከሚኖርበት ቤት ነው። ከኤርምያስ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎም በሰሜን ምሥራቅ ሲና፣ ኩንቲለት አጅሩድ በሚባል ቦታ፣ በትልቅ ጋን ላይ «በሰማርያው እግዚአብሔርና በአሼራው» (አሼራ የከነዓን እንስት አምላክ ስም ነው) የሚል ቡራኬ ተጽፎ ተገኝቷል። «በ» ተብሎ «ና» ተጨምሯል። ነቢያቱ የተጋደሉት ከዚህች «ና» ጋር ነው።

ጸሐፊው 2፥13ን ጠቅሰው «ትተዋል ይላል እኮ» ሊሉን ይችላሉ። ይላል። ግን ምሳሌውን እስከ ጫፍ ያንብቡት፤ የሕያውን ውኃ ምንጭ ትተው ውኃ የማይይዙ የተቀደዱ ጉድጓዶችን ቆፈሩ ነው የሚለው። የይሁዳ ተራራማ አገር ኖራ ድንጋይ ነው፤ ዝናቡ ከመስከረም መጨረሻ ወዲህ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ይቆይና ያበቃል። ስለዚህ ሰው አለቱን በጠርሙስ ቅርጽ፣ አንገቱን ጠባብ ሆዱን ሰፊ አድርጎ ይፈለፍልና ግድግዳውን በኖራ ይለስነዋል። ልስኑ ከተሰነጠቀ ውኃው በአለቱ ስንጥቅ ሰርጎ ይጠፋል፤ ሰውየው ግን ይህን የሚያውቀው በጋ ገብቶ ገመድ ሲያወርድ ነው። ከታች የሚቀረው ጭቃ ነው፤ ኤርምያስ ራሱ በ38፥6 የሰመጠበት ዓይነት ጭቃ። እንግዲህ ምንጩን የተወው ሰው ውኃ መፈለጉን አልተወም፤ ቆፋሪ ነው፣ ላብ አፍስሷል። ነቢዩ የሚያየው ሃይማኖት የለሽ ሕዝብ አይደለም፤ ሃይማኖት የበዛበት ሕዝብ ነው። «አማልክትህ በከተሞችህ ቁጥር ልክ ናቸው» ሲልም (2፥28) ይህንኑ ነው የሚቆጥረው።

«ምዕራፍ 10 የገና ዛፍን ይከለክላል»

ይህ ከውጭ የተቀዳ አባባል ነው፤ ክፍሉን እስከ ቁጥር 5 ያነበበ ሰው ይተወዋል። ዛፉ የሚቆረጠው ለጌጥ እንዲቆም ሳይሆን ጥሬ ዕቃ ስለሆነ ነው። አሠራሩ በየደረጃው ተጽፏል፦ ከዱር እንጨት ይቆረጣል፤ አናጢ በመሣሪያ ይቀርጸዋል፤ በብርና በወርቅ ይለበጣል፤ እንዳይወላገድ በመዶሻና በምስማር ይቸነከራል። በቁጥር 9 ብሩ ከተርሴስ፣ ወርቁ ከአፌዝ ይመጣል፤ በላዩም ሰማያዊና ሐምራዊ ልብስ ይለብሳል። ይህ የባቢሎን ዘመን የአምልኮ ምስል አሠራር ነው፤ ልቡ እንጨት፣ ቆዳው ቀጭን ወርቅ፣ ቁምሳጥኑ የንጉሥ። ከዚያ ፌዙ ይመጣል። ብዙ ሊቃውንት ቁጥር 5ን እንደሚያነቡት፣ በኪያር እርሻ መካከል እንደ ቆመ የወፍ ማስፈራሪያ ነው፤ አይናገርም፣ መራመድ ስለማይችል ይሸከሙታል። ሰው ዛፍ ስለማይናገር አይቀልድበትም። የሚቀለድበት ይናገራል ተብሎ የታመነ ነገር ነው።

ምስማሩ ለምን ተጠቀሰ? ምስሉ በበዓል ቀን በሰልፍ ይወጣል፤ በተሸካሚ ትከሻ ላይ ሲናወጥ ቢወድቅ መጥፎ ምልክት ነው። ፌዙ ከባድ ጡጫ የሚሆነው ደግሞ የባቢሎንን ሥርዓት ላወቀ ሰው ነው። ከነነዌና ከባቢሎን በተገኙ የሸክላ ጽላቶች «አፍን ማጠብ» የሚባል ሥርዓት ተጽፎ ይገኛል። አዲስ የተሠራ ምስል ከሠሪዎች ቤት ወደ ወንዝ ዳር፣ ከዚያ ወደ አትክልት ሥፍራ ይወሰዳል፤ አፉ ደጋግሞ ይታጠባል። የሠሩት ባለሙያዎች እጃቸው በጨርቅ ይታሰርና በእንጨት ቢላዋ የተቆረጠ ያህል ይደረጋል፤ «እኔ አልሠራሁትም» ብለው ይምላሉ፤ ሠሪው የሙያው አምላክ ነው ይባላል። ሥርዓቱ በሙሉ የሰው እጅ አሻራን ለማጥፋት የተዘጋጀ ነው። ኤርምያስ ደግሞ ጣቱን የሚቀስረው በትክክል እዚያ አሻራ ላይ ነው፤ «የአናጢ እጅ ሥራ» ይላል።

አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። በመጽሐፉ ውስጥ በአራማይክ የተጻፈ ጥቅስ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም 10፥11 ነው። አራማይክ የባቢሎን ግዛት መግባቢያ ነበርና ግዞተኛው ለጎረቤቱ የሚመልሰው አጭር መልስ ይመስላል። ሰማይንና ምድርን ያልሠሩ አማልክት ይጠፋሉ ይላል። «ሠሩ» የሚለው «ዐባዱ»፣ «ይጠፋሉ» የሚለው «የአባዱ» ስለሆነ በጆሮ ላይ እንደ ቅኔ ይገጥማል፤ ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን ይህ ጨዋታ ይጠፋል።

«ፍርዱ የማይመለስ ነበር፤ ኤርምያስ ያወጀው ዕጣ ነው»

ነቢዩን ጠንቋይ የሚያስመስለው ይህ ነጥብ ነው። ምዕራፍ 18 ደንቡን በግልጽ ያስቀምጣል። አንድ ሕዝብ ሊነቀል፣ ሊፈርስ፣ ሊጠፋ ከተነገረበት በኋላ ከክፋቱ ቢመለስ ፍርዱ ይቀራል፤ ሊታነጽና ሊተከል ተስፋ የተሰጠው ሕዝብ ደግሞ ክፋት ቢሠራ ተስፋው ይቀራል (18፥7–10)። ሸክላ ሠሪውም በእጁ የተበላሸውን ጭቃ አልጣለውም፤ መልሶ በመንኮራኩሩ ላይ አድርጎ ሌላ ዕቃ አደረገው። የሚሰበረው ገንቦ በምዕራፍ 19 ነው፤ እርሱ በእሳት የተተኮሰ ነው። ጽሑፉ ሁለቱን ምዕራፎች እንደ አንድ ታሪክ አደባልቋቸዋል። እርጥብ ጭቃና የተተኮሰ ሸክላ ግን አንድ አይደሉም፤ የሁለቱ ምዕራፎች ልዩነትም ሙሉ በሙሉ እዚህ ላይ ነው።

ደንቡ በችሎት ላይ ሲሠራ ማየት ከፈለጉ ምዕራፍ 26ን ያንብቡ። በንጉሥ ኢዮአቄም መንግሥት መጀመሪያ፣ በ609 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) ገደማ፣ ኤርምያስ ቤተ መቅደሱ ቀድሞ እንደ ፈረሰው መቅደስ እንደ ሴሎ ይሆናል ስላለ ካህናቱና ነቢያቱ ይሙት ብለው ያዙት። ሽማግሌዎች ተነሥተው ካለፈው ዘመን ፍርድ ጠቀሱ፦ ከመቶ ዓመት በፊት ሚክያስ ጽዮን እንደ እርሻ ትታረሳለች ብሎ ነበር፤ ንጉሡ ሕዝቅያስ አልገደለውም፣ እግዚአብሔርን ፈራ፣ ክፉውም ነገር ቀረ። ተመልከቱ፣ ሽማግሌዎቹ የሚክያስን ቃል «ሳይፈጸም ስለቀረ ሐሰት ነው» አላሉም፤ ሥራውን ስለሠራ ቀረ አሉ። በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ተመሳሳይ ቃል የተናገረው ኦርዮ ከግብፅ ተይዞ መጥቶ በሰይፍ ተገደለ። ኤርምያስ የተረፈው የሳፋን ልጅ አኪቃም ስለደገፈው ነው። ማለትም ማስጠንቀቂያው መልስ የሚጠይቅ ንግግር ነበር፤ የሚሰጠው መልስም የሰው ነፍስ የሚያድንና የሚያጠፋ ነበር።

በ605 ቅ.ል.ክ.፣ ባቢሎን በከርከሚሽ ግብፅን ባሸነፈችበት ዓመት፣ ኤርምያስ የ20 ዓመት ከዚያም በላይ ቃሉን ለባሮክ አስጻፈ። ምክንያቱም ተጽፏል፦ ምናልባት ሰምተው ይመለሱ እንደሆነ (36፥3)። «ምናልባት» የሚለው ቃል ከማይመለስ ዕጣ ጋር አይሄድም። ኋላም ኢየሩሳሌም ተከብባ፣ እንጀራ ሊያልቅ ሲል፣ ንጉሡ ሴዴቅያስ በስውር ሲጠይቀው ኤርምያስ አሁንም በ«ብት» ነው የሚናገረው፦ ለባቢሎን አለቆች ብትወጣ ከተማይቱ በእሳት አትቃጠልም፣ ባትወጣ ትቃጠላለች (38፥17–18)። ከበባው የተጀመረው በሴዴቅያስ 9ኛ ዓመት በ10ኛው ወር፣ ቅጥሩ የተጣሰው በ11ኛው ዓመት በ4ኛው ወር ነው፤ ዓመት ከመንፈቅ ያህል በሩ ክፍት ነበር ማለት ነው። ንጉሡ ያልወጣው ስላላመነ ብቻ አልነበረም፤ ቀድመው ወደ ባቢሎን የከዱት አይሁድ እንዳይሳለቁበት ፈርቶ ነው (38፥19)።

ለጸሐፊው የሚሆን ጥቅስ አለ፤ አንደብቀውም። 7፥16፣ 11፥14 እና 14፥11 ነቢዩ ስለዚህ ሕዝብ እንዳይጸልይ ይከለክላሉ፤ 15፥1 ደግሞ ሙሴና ሳሙኤል ቢቆሙም አይሆንም ይላል። ጠንካራ ቃሎች ናቸው። ግን የሚከለክሉት የሌላውን ሰው ምልጃ ነው፤ የሕዝቡን የራሱን መመለስ አይደለም። ክልከላው በተጻፈበት በምዕራፍ 7 ውስጥ፣ ከላይ ጥቂት መስመር ከፍ ብሎ፣ መንገዳችሁን ብታሳምሩ በዚህ ሥፍራ አሳድራችኋለሁ የሚል ቃል አለ (7፥5–7)። መጻተኛውን፣ ድሀ አደጉንና መበለቲቱን አትግፉ፣ ንጹሕ ደም አታፍስሱ፣ ሌሎችን አማልክት አትከተሉ ብሎ ቅድመ ሁኔታውን እየቆጠረ ነው የሚያስቀምጠው።

«ልክ 70 ዓመት ሞላ፤ ከ586 እስከ 538»

ይህ የሒሳብ ስሕተት ነው። ከኢየሩሳሌም መውደቅ (586) እስከ ግዞተኞቹ መመለሻ አዋጅ (538 ቅ.ል.ክ.) 48 ዓመት ነው። ከከርከሚሽ ጦርነት (605) እስከ ባቢሎን መውደቅ (539) ብንቆጥር 66 ይመጣል። ቤተ መቅደሱ ከፈረሰበት እስከ ተሠራበት (516/515) ብንቆጥር ወደ 70 እንደርሳለን፤ ግን 25፥11 እና 29፥10 የሚናገሩት ስለ ባቢሎን ዘመን እንጂ ስለ ሕንጻው አይደለም። ቁጥሩ በአካባቢው የታወቀ የመለኮት ቁጣ ልክ ነበር። የአሦሩ ንጉሥ አስራዶን ባቢሎንን ዳግም ሲሠራ፣ የባቢሎን አምላክ ማርዱክ ለጥፋቷ 70 ዓመት ጽፎ ነበር፤ ኋላ ምሕረት አድርጎ ቁጥሩን ገለበጠውና 11 ሆነ ብሎ አጽፏል። በኩኔይፎርም (በሽብልቅ ቅርጽ) አጻጻፍ 60ን የሚያመለክተው ሽብልቅና 10ን የሚያመለክተው ምልክት ቦታ ሲለዋወጡ፣ ያው ሽብልቅ ከኋላ ሲቆም 1 ስለሚሆን፣ በእርግጥም 70ው 11 ይሆናል።

የኤርምያስ 70 የሚጋጨው ከተቀናቃኙ ነቢይ ከሐናንያ ቃል ጋር ነው። ሐናንያ የቤቱ ዕቃ በ2 ዓመት ይመለሳል ብሎ ነበር (28፥3)። 70 ማለት ይህን የሰማህ ጎልማሳ አንተ አትመለስም ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ግዞተኞቹ የላከው ደብዳቤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ ይላል (29፥5–6)።

«የሰማይ ንግሥት»

ጸሐፊው በምዕራፍ 44 ያለውን ይህን ስም ይዘው ወደ ዛሬ ክርክር ዘለዋል። የዛሬው ክርክር የራሱ መድረክ አለው፤ የስም መመሳሰል ብቻ ግን ማስረጃ አይሆንም። ኤርምያስ የሚገልጸው የ6ኛውን ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ሥርዓት ከነአሠራሩ ነው። ልጆች እንጨት ይለቅማሉ፣ አባቶች እሳት ያነድዳሉ፣ ሴቶች ሊጥ ይለውሳሉ (7፥18)፤ ምስሏ ያለበት እንጎቻ ይጋገራል፣ ዕጣን ይታጠናል፣ የመጠጥ ቍርባን ይፈስሳል (44፥19)። ለእንጎቻው የገባው የዕብራይስጥ ቃል ለባቢሎን እንስት አምላክ ለኢሽታር ከሚጋገረው ቂጣ ስም፣ በአካድ (በባቢሎን) ቋንቋ ከሚጠራው፣ ጋር አንድ ነው። ንግሥቲቱ ኢሽታር ትሁን የከነዓን አስታሮት ወይም የሁለቱ ድብልቅ፣ ሥርዓቱ የቤተሰብ ነው፤ ካህን አይታይበትም።

ጽሑፉ የዘለለው ግን የምዕራፉን ልብ ነው። ወደ ግብፅ የተሰደዱት ሴቶችና ባሎቻቸው ለኤርምያስ መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ሞኝነት አይደለም። «ስናጥንላት እንጀራ እንጠግብ ነበር፤ ከተውን ወዲህ ሁሉ ነገር ጎደለብን፣ በሰይፍና በራብ አለቅን» ይላሉ (44፥17–18)። ዘመኑን ቁጠሩት። ንጉሡ ኢዮስያስ በ622 ቅ.ል.ክ. ገደማ ባዕድ አምልኮን አጸዳ። በ609 እርሱ ራሱ በመጊዶ ተገደለ። በ597 ከተማይቱ ተያዘች፤ የባቢሎን ዜና መዋዕል ቀኑን ሳይቀር አዳር (የመጨረሻው ወራቸው) 2 ብሎ መዝግቦታል። በ586 ሁሉም ተቃጠለ። ከተሐድሶው በኋላ ነገሩ በእርግጥ የከፋ ይመስላል። ኤርምያስ ያንኑ ተከታታይ ዘመን ይዞ ተቃራኒውን ምክንያት ይሰጣል፤ ጥፋቱ የመጣው በዕጣኑ ነው ይላል (44፥21–23)። አንድ የታሪክ ተርታ ሁለት ንባብ ሊቀበል ይችላልና ነቢዩ ክርክሩን በምልክት ይዘጋዋል፦ ፈርዖን ሖፍራ በጠላቶቹ እጅ ይሰጣል (44፥30)። ሖፍራ በ570 ቅ.ል.ክ. በጦር አለቃው በአማሲስ ዐመፅ ዙፋኑን አጣ። ይህን የሚያህል ክርክር ያለበትን ምዕራፍ «ጣዖት አምላኪዎች ልባቸው ደንድኖ ነበር» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ ለነቢዩም አያስከብርም።

«ኢትዮጵያዊ መልኩን...» እርግማን ነውን?

አይደለም። 13፥23 ኢትዮጵያዊ መልኩን፣ ነብርም ዝንጉርጉርነቱን ሊለውጥ ይችላልን ብሎ ይጠይቃል። የኢትዮጵያዊ መልክና የነብር ዝንጉርጉርነት ጎን ለጎን የቆሙት ሁለቱም የተፈጥሮ ስለሆኑ ነው፤ የነብር ቀለም ኃጢአት አይደለምና። የሚወቀሱት ክፋትን የለመዱት የኢየሩሳሌም ሰዎች ናቸው። ልማድ እንደ ቆዳ ሆኖባቸዋል ማለት ነው። በዚህ መጽሐፍ በስሙ የምናውቀው ኢትዮጵያዊ ደግሞ አቤሜሌክ ነው፤ ነቢዩን ከጭቃው ያወጣው እርሱ ነው። ከግምጃ ቤት በታች እላቂ ጨርቅና አሮጌ ልብስ ወስዶ በገመድ አወረደለትና ከብብቱ በታች ከገመዱ ጋር እንዲያደርገው ነገረው፤ ያን ያደረገው ገመዱ ሥጋውን እንዳይልጠው ነው (38፥11–13)። ከተማይቱ ስትወድቅ ሕይወቱ እንደምትተርፍለት ለብቻው ቃል ተሰጠው (39፥15–18)። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ተረፈ ባሮክ ይህንኑ ሰው በበለስ ቅርጫቱ አጠገብ 66 ዓመት ያስተኛዋል።

የባሮክ ማኅተም

ፎቶውን ያንሡት። በጽሑፉ ላይ ያለው አሻራ በቁፋሮ የተገኘ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከቅርስ ገበያ ብቅ ያለ ነው፤ በኋላ የመረመሩት ባለሙያዎችም ሐሰተኛ ነው ብለዋል። ማስረጃ ከተፈለገ በአርኪዮሎጂስት እጅ ከፍርስራሽ የወጣ አለ። ፓፒረሱ ተጠቅልሎ በክር ይታሰራል፤ ቋጠሮው ላይ የጭቃ እንክብል ይደረጋል፤ ማኅተሙ ይጫንበታል። ከእንክብሉ ጀርባ የፓፒረሱ ጭረት ታትሞ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2005 የሰሌምያ ልጅ የዮካል፣ በ2008 የጳስኮር ልጅ የጎዶልያስ ማኅተም አሻራ በኢየሩሳሌም፣ በዳዊት ከተማ ተገኝቷል፤ ሁለቱም ስሞች ኤርምያስን ወደ ጉድጓድ ካስጣሉት መኳንንት መካከል ተጠርተዋል (38፥1)።

ከባሮክ ጋር ይበልጥ ቅርበት ያለው ግን እ.ኤ.አ. በ1982 እዚያው ዳዊት ከተማ፣ በ586 ቅ.ል.ክ. በተቃጠለ ቤት ውስጥ፣ ከ50 ከሚጠጉ ሌሎች ጋር የተገኘው ነው። «የሳፋን ልጅ ገማርያ» ይላል። ስሙም፣ የአባቱም ስም፣ ዘመኑም ይገጥማል፤ ራሱ የመጽሐፉ ሰው መሆኑ እጅግ ሊሆን የሚችል ነው እንላለን እንጂ አንምልም። ባሮክ ጥቅልሉን ለሕዝቡ ያነበበው በገማርያ ክፍል ሆኖ ነበር (36፥10)። ንጉሡ ኢዮአቄም በ9ኛው ወር በክረምት ቤቱ ምድጃ ፊት ተቀምጦ ሦስትና አራት ዓምድ በተነበበ ቁጥር በጸሐፊ ካራ እየቆረጠ ወደ እሳት ሲጥለው፣ አታቃጥል ብለው ከለመኑት ሦስት ሰዎች አንዱ ይህ ገማርያ ነው (36፥23–25)። በቤቱ የነበሩት ፓፒረሶች ባቢሎናውያን ባነደዱት እሳት አመድ ሆነዋል፤ ማኅተም የተጫነባቸውን የጭቃ እንክብሎች ግን ያው እሳት እንደ ሸክላ ተኩሶ አጠንክሯቸዋል።